ለ20 እንግዳ የሚበቃ በረዷማ ማርጋሪታ ከዋዜማው ማዘጋጀት ይቻላል?

ጓሮ በር (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁም። ጁላይ 4 ቀን ግቢያችን ውስጥ ሥጋ እንጠብሳለን፤ 20 ሰው ያህል ይመጣል። በረዷማ ማርጋሪታ (ቴኪላ ከሚባለው የሜክሲኮ አረቄና ከሎሚ የሚሠራ መጠጥ) ላቀርብ አስቤያለሁ። ያለኝ ግን አንድ ብሌንደር ብቻ ነው፤ እንግዶቼን ትቼ ሲያጓራ እየሰማሁ ማምሸት አልፈልግም። ሁሉን ከዋዜማው አዘጋጅቼ ፍሪዘር ውስጥ ባስቀምጠውስ? አንዳንዱ «አልኮል አይረጋም» ይለኛል፤ ሌላው «ድንጋይ ይሆናል» ይላል። የማይጠጡ እንግዶችና ልጆችም አሉ፤ የሰኔን ጾም የሚጾሙም አይጠፉም።

ከባንኮኒው ጀርባ
እህቴ፣ ሁለቱም የነገሩሽ እውነት ነው፤ ልዩነቱ የውሃው መጠን ላይ ነው። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። 40 በመቶ አልኮል ያለው ቴኪላ በዚያ ቅዝቃዜ አይረጋም፤ የሎሚ ጭማቂ ብቻውን ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። በማንኪያ የሚዛቅ፣ የላላ በረዶ የምታገኚው የጠቅላላው ቅይጥ አልኮል ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ነው። ስኳርም መርጋትን ስለሚያዘገይ እንደፈለጉ አይጨመርም።

እኔ የምሠራበት ልክ ይኸውልሽ፦ አንድ ሙሉ ጠርሙስ (750 ሚሊ ሊትር) ቴኪላ፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው የብርቱካን ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) 250 ሚሊ ሊትር፣ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ 400 ሚሊ ሊትር፣ እኩል ስኳርና ውሃ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ሽሮፕ 400 ሚሊ ሊትር፣ በላዩ 1.7 ሊትር ውሃ። ድምሩ 3.5 ሊትር ነው፤ አልኮሉ 11 በመቶ ተኩል አይሞላም። ከዚህ 17 ያህል ባለ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ይወጣል። ብዙዎች ውሃውን ይፈሩትና ይቀንሱታል። ብሌንደር ውስጥ በረዶው ቀልጦ የሚሰጠውን ውሃ አንቺ አስቀድመሽ እየጨመርሽ መሆኑን አስቢ፤ ሳትቀንሺ አድርጊው።

ዚፕ ያለው ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከፋፍለሽ፣ ለሚነፋው ቦታ ትተሽ፣ ትሪ ላይ ጠፍጣፋ አድርገሽ አስተኚው። ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይረጋል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ላስቲኩን በእጅሽ አሽተሽ ወደ ማንቆርቆሪያ መገልበጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ግን ፍሪዘር ውስጥ አትክተቺ፤ ውሃው ሲረጋ ስለሚነፋ ይሰነጥቀዋል።

የብሌንደሩ ጣጣ ያንቺ ብቻ አይደለም። በ1971 ዳላስ ውስጥ ማሪያኖ ማርቲኔዝ የተባለ የምግብ ቤት ባለቤት መጠጥ ቀጂዎቹ ማርጋሪታ በብሌንደር መምታት ሰልችቷቸው፣ ጣዕሙም በየብርጭቆው ቢለያይበት፣ የአይስክሬም ማሽን ለውጦ መጠጡን በአንድ ጊዜ በብዛት ማውጣት ጀመረ። ማሽኑ አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ለአንቺ ቅርብ ነው፣ ሄደሽ እዪው።

እማማ ጓዳ
ልጄ፣ ለማይጠጡት በተመሳሳይ መንገድ ብታረጊው ድንጋይ ይሆንብሻል፤ የሚያላላው አልኮል የለበትምና። ማንጎውን ፈጭተሽ ሎሚና ትንሽ ዝንጅብል ጨምሪበት፤ ከዚያ በበረዶ ማውጫ ትሪ አርጊው። እንግዳ ሲመጣ ኩቦቹን ከጥቂት ቀዝቃዛ ጭማቂ ጋር አንዴ ብሌንደር ውስጥ ማዞር ይበቃል። ወፈር ያለ እንዲሆን ከፈለግሽ የኮኮናት ወተት ጨምሪበት፤ ጿሚውም ሳይሳቀቅ ይጠጣል። ቀዝቃዛ ነገር ጣፋጭነቱ ስለሚደበዝዝ፣ ሳይቀዘቅዝ ስትቀምሺው ትንሽ በዝቶ እንዲጣፍጥ አድርጊው።

ደግሞ አደራ፣ የልጆቹን ማንቆርቆሪያ በቀለም ለይተሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። የቀዘቀዘ ማርጋሪታና የሎሚ ጭማቂ በዓይን አይለዩም። ብሌንደሩንም የእነሱን ካወጣሽ በኋላ ነው ለሌላው የምትጠቀሚበት።

የጌሾ ቅጠል
ቴኪላ ለማይወዱ ጠጅ አለላችሁ። አልኮሉ ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ አካባቢ ስለሆነ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሎሚ ጨምሮ እንዳለ ማርጋት ነው። የቤት ጠጅ ከሆነ መፍላቱን ያልጨረሰ ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አጥብቃችሁም አትክደኑት።

ከባንኮኒው ጀርባ
ወንድሜ፣ ጠጁን ግን አዝንለታለሁ። በዚያ ቅዝቃዜ የማሩም የጌሾውም ሽታ ይጠፋል። ጥሩ ጠጅ ካላችሁ በብርሌ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ጠጡት፤ ለማርጋት መካከለኛው ይበቃል።

የጌሾ ቅጠል
መካከለኛው ይበቃል ባልከው እስማማለሁ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን በብርሌ የቀረበው ጠጅ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይሞቃል፤ የረጋውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ነርሷ ከአሌክሳንድሪያ
አንድ ነገር ልጨምር። ሎሚውን ፀሐይ ላይ ሆናችሁ አትጭመቁ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፤ መቅላቱና ውሃ መቋጠሩ የሚታየው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰው ከሎሚው ጋር አያያይዘውም። ማድ ቤት ጨምቃችሁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ውጡ። እያንዳንዱ ብርጭቆ ደግሞ ከአንድ መደበኛ መጠጥ (በአሜሪካ መለኪያ 14 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል) በላይ አልኮል እንዳለው ለእንግዶቹ ንገሯቸው። ቅዝቃዜውና ስኳሩ ጥንካሬውን ስለሚሸፍኑት መኪና የሚነዳው ሰው ሳያውቀው ብዙ ይጠጣል።

ጓሮ በር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በልኩ ሁለት ዙር እሠራለሁ፤ ማንጎውንም ዛሬ አረጋዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀልጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ከባንኮኒው ጀርባ
በዚያ ሙቀት ብዙም አይቆይም። ላስቲኮቹን በረዶ በሞላው ሳጥን ውስጥ አስቀምጪና አንድ አንድ እያደረግሽ አውጪ። በረዶው ላይ ጨው ብትነሰንሺበት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጨው ወደ መጠጡ እንዳይገባ ላስቲኩ በደንብ መዘጋቱን ብቻ አረጋግጪ።