የልጄ ራስ ዳሽን ተንዶብኛል! ነገ ጠዋት ነው የሚያቀርበው

የናቲ እናት፦ ቤቶች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ናቲ ነገ 2 ሰዓት ላይ «ተራራ እንዴት ይፈጠራል» ብሎ ክፍል ውስጥ የሚያቀርበው ራስ ዳሽን አሁን ለሁለት ተሰነጠቀ። ጫፉም ወደቀ። ልጁ እያለቀሰ ነው። በምን ልለጥፈው?

ቀልደኛው፦ በሊጥ ከሠራችሁት ጋግሩት፣ ለቁርስ ይሆናል።

ሰሚራ፦ ኮላ አድርጊበት።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከኮላው በፊት ትምህርቱ ይቅደም። ተራራ በአንድ መንገድ ብቻ አይፈጠርም። ሂማላያን ያነሳው ሕንድ ከእስያ ጋር መጋጨቷ ነው። ግጭቱ ከጀመረ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ዛሬም አልቆመም። የኤቨረስት ጫፍ ድንጋይ እኮ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ነው! አንዲስ ደግሞ የውቅያኖሱ ወለል ከደቡብ አሜሪካ ሥር እየገባ ያስነሳው ነው። ሦስተኛው ዓይነት...

የናቲ እናት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። የተሠራው በጄሶ ነው፣ ውስጡ ጋዜጣ አለ። ሁለት ጣውላ ከግራና ከቀኝ ሲገፋው መሐሉ ከፍ እንዲል ነበር ሐሳባችን። ሁለት አህጉር ሲጋጭ ማለት ነው። ናቲ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ አለ።

ሰሚራ፦ የእንጨት ኮላ እኮ ይይዘዋል።

የደባርቁ አስጎብኚ፦ እህቴ፣ ኮላውን ተዪውና አንድ ነገር ልንገርሽ። ዳሽንን ማንም አልገፋውም! ስሜን ተራሮች ላይ የተጋጨ አህጉር የለም። ገደሉን ከጎን ስታዪው መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ ላቫ ወጣ፣ ረጋ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ፈሰሰ። በአንዳንድ ቦታ ድርቡ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ዳሽን ራሱ በዚያ ላይ የበቀለ የትልቅ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። አካባቢው ከሥር ባለው ሙቀት ወደ ላይ ተነሳ። ከዚያ ዝናቡና ወንዙ ቆረጡት። ገደሉን የሠራው ውሃ ነው።

የናቲ እናት፦ ወይ ጉድ! ያየው ቪዲዮ የሂማላያ ነበር ለካ። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?

ቀልደኛው፦ ርዕሱን «የመሬት መንሸራተት» በይው፣ አለቀ።

አርክቴክት ነኝ፦ ጄሶውን ተዪው፣ እርጥብ ስለሆነ እስከ ጠዋት አይደርቅም። ካርቶን አለሽ? ዐሥር ያህል ቁራጭ አውጪ፣ እያንዳንዱ ከሥሩ ካለው ትንሽ ይጥበብ። በኮላ ደራርቢው (ሰሚራ ደስ ይበላት)። ጠርዞቹን አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ቡናማ ቀቢ። እያንዳንዱ ካርቶን አንድ የላቫ ፍሰት ነው። መጨረሻ ላይ ከጎን በቢላ ቁረጪና «ይህ ወደ ተከዜ የሚገባ ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ነው» ይበል። የወደቀውን ጄሶ ሥሩ ላይ በትኚው፣ የተናደ ድንጋይ ይመስላል። ግጭቱንም ማሳየት ከፈለገ ጋቢ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከሁለት ወገን ይግፋው። ታጥፎ ይነሳል። ያ ሂማላያ ነው።

የናቲ እናት፦ ካርቶን አገኘሁ! ቢላው ግን አልቆርጥ አለኝ። ደግሞ ከፍታው ስንት ይበል?

ጡረተኛው መምህር፦ 4,620 ሜትር። ለስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው።

የደባርቁ አስጎብኚ፦ ጋሼ፣ እሱ የድሮው ነው። አሁን 4,550 ገደማ ነው የሚባለው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰባ ሜትሩን ማን ወሰደው?

ቀልደኛው፦ ናቲ ቤት ወድቋል።

ሰሚራ፦ ኮላው ያዘ?

አርክቴክት ነኝ፦ የናቲ እናት፣ ቢላው እምቢ ካለ መጋዝ ያለው ጎረቤት ጠይቂ። «መጨረሻ ላይ» ያልኩትን ግን ተዪው፣ ካርቶኑን ሳይለጠፍ ቁረጪው።

ሰሚራ፦ (በማግስቱ) ናቲስ እንዴት ሆነ?

ቀልደኛው፦ (ከሦስት ቀን በኋላ) ኮላው ላይ ተጣብቀው ቀሩ መሰለኝ።