የምርምር በጀትና የግዥ ሥርዓት የሚጣጣሙት እንዴት ነው?

ጥያቄ (ከጎንደር)፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በፌዴራል በጀት ለሚካሄድ የጤና ምርምር የመመርመሪያ ኬሚካል ለመግዛት ፕሮፎርማ (የአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቤ፣ የኮሚቴው አባላት ቃለ ጉባኤውን ፈርመውልኝ ፋይናንስ ክፍል ስደርስ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ስላለፈ ከመጀመሪያው እንድጀምር ተነገረኝ። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ዳባት ላይ ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ እናቶችም እየጠበቁን ነው። መፍትሔ የምታውቁ ብትመክሩኝ?

መልስ 1፦
ሸክሙ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የተደረገ የዳሰሳ ጥናት፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ዋና ተመራማሪዎች ለምርምሩ ከሚያውሉት ጊዜ 44 በመቶ ያህሉ በአስተዳደራዊ ሥራ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ይህ ግን ሊያጽናናን አይገባም፤ እነርሱ የሚያግዛቸው የምርምር አስተዳደር ባለሙያ አላቸው፣ እኛ ዘንድ ግን ፋይል ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው ራሱ ተመራማሪው ነው።

መልስ 2፦
የሕዝብ ገንዘብ ነውና ቁጥጥሩ መኖር አለበት ባይ ነኝ። የሚያሳዝነው ግን ለወንበርና የአገልግሎት ዘመኑ ለሚያልፍ ኬሚካል አንድ ዓይነት አካሄድ መከተላችን ነው። ለዘንድሮው፣ አቅራቢው የዋጋውን ጊዜ በደብዳቤ እንዲያራዝም ይጠይቁ። ለሚቀጥለው ግን ፍላጎትዎን ከሐምሌ በፊት በዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ያስይዙ፤ በየጊዜው ለሚያስፈልጉ ዕቃዎችም የማዕቀፍ ስምምነት (አንድ ጊዜ ተዋውሎ በየጊዜው እንደ ፍላጎት የሚታዘዝበት ውል) እንዲፈጸም ግዥ ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

መልስ 3፦
በዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደራቸውንና ፋይናንሳቸውን በራሳቸው እንዲመሩ የሚፈቅደው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መታየት አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ እዚያ ያላችሁ ተመራማሪዎች፣ የግዥ ሒደቱ በእርግጥ አጥሮላችኋል?