ያቋረጡትን ዲግሪ ለመጨረስ የሚመለሱ ጎልማሶች በወጪ መጋራት ይማሩ ወይስ ከኪሳቸው ይክፈሉ?

አወያይ፦ ርዕሱ ከላይ አለ። ሥራና ልጅ ይዘው ስለሚመለሱት ነው የምናወራው። ስድብ የለም፣ ባለፈው ጊዜ በቅቶናል።

የማታዋ፦ እኔ ይማሩ ባይ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ መጋቢት 2012 በኮቪድ ግቢ ተዘጋ፣ ቤት ገባን። ሲከፈት ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ቀረሁ። መደበኛ ተማሪ ተምሮ፣ ሲቀጠር ነው የሚቆረጥበት። እኔ ግን በማታ ልመዝገብ ስል ክሬዲት ሰዓቱ ተባዝቶ ብሩ ባንክ መግባት አለበት። ስሊፑን ካልያዝሽ ሬጅስትራር ዞሮም አያይሽም።

የፔዳ ልጅ፦ እኛም እኮ በነፃ አይደለም የምንማረው። ወጪ መጋራት ከመጣ ከ1996 ወዲህ የምግብና የመኝታው ወጪ፣ ከትምህርቱም 15 በመቶ ይመዘገብብናል። በጀቱ አንድ ነው። ለእናንተ ሲሰጥ ከአዲስ ገቢው ልጅ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ባለጀልባው፦ እኔም ተቃዋሚ ነኝ፣ በሌላ ምክንያት ግን። ጎብኚ ወደ ዘጌ ገዳማት እያመላለስኩ የማታ እማር ነበር። ጎብኚው ጠፋ፣ ትምህርቱም ቆመ። በብድር ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዲግሪም ሥራም የለኝ፣ እዳ ብቻ። እዳ ከሜዳ!

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ደሞዝ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ልንገራችሁ። ወጪ መጋራት ከወር ገቢ ከ10 በመቶ ያላነሰ ነው የሚቆረጠው። አዲስ ተመራቂ ሥራ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይቀመጣል? ከማን ይቆረጥ? የሚመለሱት ግን ብዙዎቹ ደሞዝ ላይ ናቸው። እስኪመረቁ ለምን ይጠበቃል? ከተመዘገቡበት ወር ጀምሮ ይቆረጥ። ከዚህ የተሻለ ተበዳሪ መንግሥት ከየት ያመጣል?

የፔዳ ልጅ፦ ደሞዝ ካላቸውማ ይክፈሉ፣ እትዬ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አንተ ልጅ፣ በየወሩ መክፈልና በአንዴ መክፈል አንድ ነው እንዴ? ቤት ተከራይተህ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ሲሉህ ይገባሃል።

ባለጀልባው፦ ደሞዝ የሌለውስ? ባጃጅ የሚነዳው፣ ጣና ዳር አሳ የምትጠብሰው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም። ዋስ ያምጡ እንዳልል፣ ዛሬ ዋስ የሚሆን ማን አለ።

መምህሩ፦ ሁላችሁም ብር ብር ትላላችሁ። አንዳንዱ የሚቀረው ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ የድሮው ኮርስህ አይያዝም ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፣ 50 ካላመጡ ዲግሪ የለም። ስንት ዓመት ደብተር ያልገለጠ ሰው ብር ሰጥታችሁ ብቻ ብትልኩት ይወድቅና እዳው ብቻ ይተርፈዋል። መጀመሪያ የተማረው ይያዝለት፣ ማጠናከሪያም ይሰጠው። ብድሩ ከዚያ በኋላ።

የማታዋ፦ መምህር፣ እኔን አራት ኮርስ ድገሚ ብለውኛል። የግቢውን ስም አልጠራም። የእያንዳንዱ ድጋሚ ክፍያ ለብቻው ነው። ስለዚህ የእርስዎም ነገር ዞሮ ዞሮ ብር ነው።

መምህሩ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

ባለጀልባው፦ ለምን ዕቁብ አትገቢም? እኛ ሰፈር ሰው በዕቁብ ባጃጅ ገዝቷል።

የማታዋ፦ ገብቼ ነው እንጂ! ያለፈውን ሴሚስተር በእሱ ነው የከፈልኩት። ዕጣዬ ወጥቷል፣ አሁን ዙሩ እስኪያልቅ መጣል ብቻ ነው። ምዝገባው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል።