ወንድሜ ሥራውን ትቶ የኤም ኤም ኤ ተፋላሚ መሆን ይፈልጋል፤ የሙያው ሕይወት በእውነት ምን ይመስላል?

ጥያቄ፦ የአራዳዋ እኅት (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ታናሽ ወንድሜን ጉዳይ ይዤ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሹ ሲሠለጥን ያደገ ሲሆን፣ ሳንዳ በሚባለው የፍልሚያ ዘርፍ በክልል ደረጃ ተወዳድሮ አሸንፏል። አሁን አዘዞ አካባቢ በብየዳ ሥራ ተቀጥሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ጎሃ ዳገት እየሮጠ፣ ማታ ደግሞ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እየተለማመደ ራሱን ያዘጋጃል። በቅርቡ ግን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ፕሮፌሽናል የኤም ኤም ኤ (ቡጢን፣ እርግጫንና ትግልን የቀላቀለ ፍልሚያ) ተፋላሚ ለመሆን መወሰኑን ነገረን።

ውሳኔውን ያፋጠነው ደግሞ ማኔጀር ነኝ የሚል ሰው በስልክ ያቀረበለት ግብዣ ነው። ሰውየው ከስድስት ሳምንት በኋላ በሌላ አገር በሚደረግ ውድድር በ65.8 ኪሎ ግራም ክብደት እንዲፋለም ጠይቆታል፤ የወንድሜ ክብደት ግን 74 ኪሎ ነው። ጊዜው በዐቢይ ጾም ውስጥ የሚውል ሲሆን፣ እርሱም ጾሙን አያፈርስም። እናታችን «ፊቱን ሊያበላሹት አልወለድኩትም» እያለች ታለቅሳለች። እርሱ በበኩሉ ፍራንሲስ ንጋኑን እየጠቀሰ፣ አሸዋ ሲቆፍር የኖረ ሰው የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ እኔ ለምን አልሆንም ይላል። ሕልሙን ላሰናክልበት አልፈልግም፤ ነገር ግን የዚህ ሙያ ገቢው፣ ጉዳቱና የዕለት ተዕለት ኑሮው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በግልጽ ቢነግረን ታላቅ ውለታ ይሆንልናል።

መልስ፦ አሠልጣኝ ዘማራኪ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን በዚህ መልክ በማቅረብዎ አመሰግናለሁ። እዚሁ ጎንደር ለረጅም ጊዜ ወጣቶችን በውሹና በኪክቦክሲንግ ሳሠለጥን የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ወንድምዎን የሚመስሉ ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል።

በመጀመሪያ ስለ ንጋኑ፣ ምክንያቱም ታሪኩ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ በግማሹ ብቻ እየተነገረ ነው። ንጋኑ በካሜሩን ባቲዬ በተባለች ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ በአሸዋ ማውጫ የሠራ ሲሆን፣ ቦክስ መለማመድ የጀመረው በ22 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አገሩን ለቆ በሞሮኮ በኩል ስፔን ገባ፤ እዚያም ታሰረ፤ ከዚያ ፓሪስ ደርሶ ማደሪያ አጥቶ ጎዳና ላይ አደረ። ወደ ኤም ኤም ኤ የገባው ራሱ አስቦበት ሳይሆን፣ በፓሪስ ያገኛቸው አሠልጣኞች የግዙፍነቱንና የጡጫውን ኃይል አይተው ስለመከሩት ነው። የመጀመሪያ ፍልሚያውን በ2013 መጨረሻ አደረገ፤ በ2015 መጨረሻ ዩ ኤፍ ሲ ወደተባለው ትልቁ የኤም ኤም ኤ ውድድር አዘጋጅ ድርጅት ገባ።

ወጣቶቻችን የማይነግሩን ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጥር 2018 ለከባድ ሚዛን ቀበቶ ከስቲፔ ሚዮቺች ጋር ሲገጥም፣ የዓለም ኃይለኛ ቡጢ አለው የተባለው ሰው በመጀመሪያው ዙር ጉልበቱን ጨርሶ፣ በቀሩት ዙሮች ደጋግሞ መሬት ላይ እየተጣለ አምስቱን ዙር በነጥብ ተሸነፈ። የጎደለው ኃይል ሳይሆን የትግል ችሎታ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2021 ያንኑ ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። በጥር 2022 ደግሞ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ሳለ፣ ከሲሪል ጋን ጋር ባደረገው ፍልሚያ ቆሞ መምታቱ እንደማያዋጣው ሲገነዘብ ተቃዋሚውን እየጣለና መሬት ላይ እየያዘ አሸነፈ። በእኔ እምነት የንጋኑ ታላቅነት የሚታየው በአሸዋ ጉድጓዱ ሳይሆን፣ በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ድክመቱን አጥንቶ ባረመበት ሥራ ነው።

ይህን ያስረዘምኩት የወንድምዎ ጉዳይም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ሳንዳ ቡጢን፣ እርግጫንና መጣልን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ጥሩ መሠረት ነው፤ ቻይናዊቷ ዣንግ ዌይሊ ከሳንዳ ተነሥታ በነሐሴ 2019 የዩ ኤፍ ሲ ሻምፒዮን ሆናለች። ይሁን እንጂ በሳንዳ ተጋጣሚ ከወደቀ በኋላ ዳኛው ሁለቱን መልሶ ያቆማቸዋል፤ በኤም ኤም ኤ ግን ፍልሚያው መሬት ላይ ይቀጥላል። ማነቅ፣ ክንድ ማጠፍ፣ ከላይ ሆኖ መምታት አለ። ሌጎስ የተወለደው እስራኤል አዴሳንያ ከኪክቦክሲንግ መጥቶ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው እንዳይጣል፣ ቢጣልም ፈጥኖ እንዲነሣ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በመጋቢት 2021 አንድ ሚዛን ወደ ላይ ወጥቶ ከያን ብላሆቪች ጋር ሲገጥም፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች መሬት ላይ ተይዞ ተሸንፏል።

በከተማችን ቆሞ መምታትን የሚያስተምር አይጠፋም። መሬት ላይ መፋለምን በሥርዓት የሚያስተምር ግን እጅግ ጥቂት ነው። በደምቢያ ገጠር ያደጉ ልጆች በመስክ ላይ ከሚታገሉት ትግል ያመጡት ጥሩ የመያዝና ሚዛን የማሳት ችሎታ አላቸው፤ እንዲህ ያሉትን ልጆች ጠርቶ በምንጣፍ ላይ አብሮ መሥራት ለወንድምዎ ትልቅ ጥቅም አለው። የጂዩ ጂትሱ ወይም የጁዶ አሠልጣኝ ለማግኘት ግን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ መሄድ ሊኖርበት ይችላል።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ይህን ሁሉ መማር አይቻልም፤ ስለዚህ ግብዣውን አይቀበል። የፕሮፌሽናል ውጤት ከተመዘገበ በኋላ አይፋቅም፤ ወደፊት ተጋጣሚ የሚመርጥ ድርጅት ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። አማተር ውድድር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በዓለም አቀፉ የኤም ኤም ኤ ፌዴሬሽን የአማተር ደንብ ዙሩ ሦስት ደቂቃ ሲሆን፣ የቅልጥም መከላከያ ይደረጋል፣ በክርን መምታትም ክልክል ነው። በፕሮፌሽናሉ ግን እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ነው፤ ጓንቱም ከቦክስ ጓንት በጣም የሳሳ ነው።

መልስ፦ ሐኪም ከጎንደር

አሠልጣኙ ስለ ችሎታው በሚገባ ስላብራሩ፣ እኔ ስለ ጤናው ብቻ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነገጠኝ ክብደቱ ነው። ከ74 ወደ 65.8 ኪሎ መውረድ ማለት ከሰውነቱ 11 በመቶ የሚሆነውን መቀነስ ማለት ነው። ተፋላሚዎች ይህን የሚያደርጉት ከፊሉን በአመጋገብ፣ ቀሪውን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀናት ውኃ በማቆም፣ በሙቅ ውኃ በመዘፍዘፍና በላብ ነው፤ ከሚዛን በኋላ ባለው አንድ ቀን ገደማ ውስጥ ውኃውን መልሰው ይጠጣሉ። እንዲህ ያለው ድርቀት ኩላሊትን ይጎዳል፣ የልብን ምት ያዛባል፤ ገዳይም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ተፋላሚ በማኒላ ለፍልሚያ ክብደት ሲቀንስ ሕይወቱ አልፏል። ዋን ቻምፒዮንሺፕ የተባለው አዘጋጅ ድርጅት ከዚያ በኋላ ተፋላሚዎቹ በድርቀት ክብደት እንዳይቀንሱ የሽንት ምርመራ የሚያደርግበት ሥርዓት ዘርግቷል። ያለ ሐኪምና ያለ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ይህን መሞከር ከፍልሚያው ራሱ የበለጠ አደገኛ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጾምና ስፖርት አይጣሉም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ተልባ በበቂ መጠን ከተመገበ ጡንቻውን የሚጠብቅበት ፕሮቲን ያገኛል። ይሁንና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ ቆይቶ ከባድ ልምምድ ማድረግ፣ በዚያ ላይ ክብደት መቀነስ ሲታከልበት አይመከርም። በጾም ወራት ልምምዱን ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት አዛውሮ፣ ቴክኒክ ላይ ቢያተኩር መልካም ነው።

ጭንቅላትን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ጉዳት የሚደርሰው በፍልሚያው ምሽት ብቻ ይመስለዋል። አብዛኛው ምት የሚከማቸው ግን በልምምድ አዳራሽ ውስጥ፣ ተመልካች በሌለበት ነው። ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ከዓመታት በኋላ የማስታወስ ችግር፣ የስሜት መለዋወጥና የአእምሮ ብቃት መቀነስ ሊያስከትል እንደሚችል በቦክሰኞች ላይ ከተጠና ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ወንድምዎን የሚከተለውን ይጠይቁት፦ ሲለማመዱ በሙሉ ኃይል ጭንቅላት ይመታታሉን? አንድ ልጅ ተመትቶ ሲያዞረው ወይም ሲያስመልሰው ልምምዱን አቁሞ ወደ ሕክምና ይሄዳል ወይስ ውኃ ተረጭቶበት ይቀጥላል? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ አዳራሹን ይቀይር።

የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን በጣም የሚዘነጋ ነው። በአሜሪካ እንደ ኔቫዳ ግዛት ያሉ የፍልሚያ ስፖርት ተቆጣጣሪ ኮሚሽኖች ለተፋላሚ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ የደም ምርመራ፣ እንዲሁም የዓይንና የአንጎል ምርመራ ይጠይቃሉ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የተስፋፋ ሲሆን፣ ብዙ ወጣት ምንም ሳይሰማው ይዞት ይኖራል። ወንድምዎ አሁኑኑ ይመርመር፤ ነጻ ከሆነም ክትባቱን ይውሰድ። ዓመታት ከለፋ በኋላ በደም ምርመራ ምክንያት መንገዱ ቢዘጋበት የሚያሳዝን ነው። የጋበዘው ሰው ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱንም ካልጠየቀ፣ ያ ውድድር በቂ የሕክምና ቁጥጥር እንደሌለው ይወቁት።

መልስ፦ ጎንደሬው በላስ ቬጋስ

ተወልጄ ያደግኩት ቀበሌ 18 ሲሆን፣ አሁን የምኖረው የዩ ኤፍ ሲ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት ከተማ ነው። ከሥራ በኋላ በአንድ ጂም ስለምለማመድ ፕሮፌሽናሎችን በቅርብ አያለሁ፤ ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አዲስ ተፋላሚ ወደ ዩ ኤፍ ሲ ሲገባ በብዛት የሚሰጠው ውል ለመቅረብ 12,000 ዶላር፣ ቢያሸንፍ ተጨማሪ 12,000 ዶላር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ተፋልሞ አንዱን ቢያሸንፍ 36,000 ዶላር ያገኛል ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ ማኔጀሩ፣ አሠልጣኞቹና ግብሩ ይቀነሳሉ። ይህ እንግዲህ በሺዎች ከሚቆጠሩት መካከል ወደ ላይ የደረሰው ሰው ክፍያ ነው። በታች ባሉት ትንንሽ ውድድሮች ክፍያው ብዙ ጊዜ ለልምምድና ለጉዞ ከወጣው ወጪ አይበልጥም። ስለዚህ በማውቀው ጂም ውስጥ አብዛኛው ፕሮፌሽናል ቀን ሌላ ሥራ አለው፦ ጥበቃ፣ ሹፌር፣ የግል አሠልጣኝ። ቀኑ የሚጀምረው በሩጫ ወይም በክብደት ሲሆን፣ ቀትር ላይ ቴክኒክ፣ ማታ ትግል ይሠራል፤ በመሐል ሥራ አለ።

ተፋላሚ ደመወዝተኛ አይደለም፤ በራሱ ኮንትራት የሚሠራ ሰው ነው፤ ጡረታም የለውም። ተፋላሚዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በዩ ኤፍ ሲ ላይ የመሠረቱት ክስ በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቶ በ2025 መጀመሪያ በፍርድ ቤት ጸድቋል፤ በክርክሩ ሂደት ተፋላሚዎች ከድርጅቱ ገቢ የሚያገኙት ድርሻ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሆነ ወጥቷል። ንጋኑም ቢሆን ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ለጋን ፍልሚያ በይፋ የተመዘገበለት ክፍያ 600,000 ዶላር ነበር። የጤና መድን እንዲኖርና ቦክስ እንዲፈቀድለት ጠይቆ ስላልተስማሙ በጥር 2023 ድርጅቱን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በሪያድ ከታይሰን ፊዩሪ ጋር ቦክስ ገጥሞ በሦስተኛው ዙር ጣለው፣ በነጥብም በጠባቡ ተሸነፈ። ትልቁን ገንዘብ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ማኔጀሩ፦ ውሉ በጽሑፍ ይቅረብ። የአውሮፕላን ትኬትና ማረፊያ ማን ይከፍላል? ቢጎዳ ሆስፒታል የሚከፍል መድን አለ? ተጋጣሚው ማን ነው፣ ስንት ፍልሚያ አለው? ውሉ ለስንት ዓመት ያስረዋል? አሠልጣኙ አብሮት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ ከድኃ አገር የሚጠራ ጀማሪ፣ የአገሩን ልጅ ሪከርድ ለማሳመር የሚፈለግ ተሸናፊ ነው። ይህን የምለው ብዙ ልጆች በዚህ መንገድ ሲጎዱ ስላየሁና ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ጠያቂዋ፦ የአራዳዋ እኅት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለወንድሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ስለ ሆስፒታሉና ስለ ተጋጣሚው ሰውየውን በስልክ ጠይቆት ነበር፤ «መጀመሪያ ፓስፖርትህን ላክ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠውም። ስለዚህ ግብዣውን ትቶታል። አንድ ነገር ግን አሁንም ያስጨንቀዋል፦ አማተር ሆኜ ሁለት ሦስት ዓመት ብቆይ ዕድሜዬ ያልፍብኛል ይላል።

መልስ፦ አሠልጣኝ ዘማራኪ

አያልፍበትም። ንጋኑ የመጀመሪያውን የኤም ኤም ኤ ፍልሚያ ሲያደርግ 27 ዓመቱ ነበር፤ ቀበቶውን ያገኘው በ34 ዓመቱ ነው። አዴሳንያ ዩ ኤፍ ሲ ሲገባ 28 ዓመቱ ነበር። በቀላል ሚዛኖች ፍጥነት ስለሚወስን ዕድሜ ቀደም ብሎ ይጫናል፤ ቢሆንም በ22 ዓመት ሦስት ዓመት ለትግልና ለመሬት ፍልሚያ መስጠት ምንም አያስቀርበትም።

ክብደቱን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ካሉት ጋር በመስማማት በ70.3 ኪሎ ሚዛን ቢወዳደር ይሻለዋል፤ ከ74 ወደዚያ ለመውረድ በጊዜ ከጀመረ አመጋገብ ብቻ ይበቃዋል። የብየዳ ሥራውንም አይተው፤ ለምንጣፉ፣ ለጓንቱና ወደ አዲስ አበባ ለሚያደርገው ጉዞ የሚከፍለው ከዚያ ነው። አሠሪው ቢፈቅድለት ጠዋት ዘግይቶ ገብቶ ማታ እንዲያካክስ ይስማማ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደምቢያ የመጡ ሁለት ልጆች ጋር በእኛ አዳራሽ ትግል እንሠራለን፤ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝና ቦታውን እነግርዎታለሁ። ሲመጣ የሄፓታይተስ ምርመራውን ውጤት ይያዝ፤ ከሁሉም ልጆቼ የምጠይቀው ነው።