የኢትዮጵያ ካላንደር ኤአይ ኮዲንግ ቱል ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጳጉሜ_6፦ ሰዎች እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ሠርተን ነበር፣ ግማሹን ኮድ የጻፈው ኤአይ ኮዲንግ ቱሉ (በትእዛዝ ኮድ የሚጽፍልን ፕሮግራም) ነው። የልደት ቀኑን በአንድ መስመር ጨረሰው፣ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ቀነሰ በቃ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው! ወሩንም 12 አድርጎ ነው የዘረዘረው። ጳጉሜ 3 የተወለደች ሕፃን መጥታ መዝጋቢዋ እናትየውን «ነሐሴ 30 ልበላት?» ስትላት ቆሜ ሰማሁ፣ አፈርኩ። እና የካላንደር መቀየሪያው ቱሉ ውስጥ አብሮ ይምጣ ብዬ ለሠሪዎቹ ፊቸር ሪኩዌስት (ይጨመርልን የሚል ጥያቄ) ልጽፍ ነው፣ ትደግፋላችሁ?

ባክኤንድ_ብቻ፦ ችግሩ እውነት ነው ወንድሜ፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም። ቱሉ ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል፣ ኮማንድ ያስኬዳል፣ ካላንደር የላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ሥራ ነው። አይሲዩ (ICU) የሚባለው የቋንቋና የቀን ላይብረሪ ውስጥ የኛ ካላንደር አለ፣ ጃቫስክሪፕትም ኢንትል (Intl) በሚባለው ክፍሉ በኩል ያሳይልሃል። ዛሬ የኛን ካስገቡ ነገ የሂጅራው የዕብራይስጡ የታይላንዱ ሁሉ ይመጣል፣ ማን ነው የሚንከባከበው? ደግሞ ቱሉ ላይ የሚጨመር ነገር መግለጫው ኮንቴክስት (ኤአዩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው ጽሑፍ) ውስጥ ስለሚቀመጥ ቀን የማይነካ ሰው ላይም ቶክን (ጽሑፉ የሚቆጠርበትን ቁራጭ) ይበላል። አንትሮፒክ 2024 ኖቬምበር ላይ ኤምሲፒን (MCP፣ ኤአይን ከሌላ ፕሮግራም ጋር የማገናኛ ደንብ) ያወጣው የውጪ ነገር በጎን እንዲሰካ ነው፣ በዚያ ግባ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፣ ከውጪ ሆኖ ሊሠራ ይችላል ወይ? ፋይል ከማጥፋትህ በፊት አስፈቅደኝ የሚለውን ቱሉ ራሱ ካልሠራው ማንም አይሠራልህም፣ እሱ የውስጥ ነው። ይሄ ግን አይደለም።

አስተማሪዋ፦ ይቅርታ እኔ አልስማማም። ላይብረሪ እንዳለ የሚያውቀው አንተ ነህ፣ ተማሪዎቼ አያውቁም። እነሱ «ዕድሜ የሚያሰላ ጻፍልኝ» ይሉታል፣ የጻፈው ይሠራል፣ ስህተቱም በዓመት ውስጥ ሦስት ወር ከምናምን ብቻ ስለሚታይ ማንም ሳያየው ዲፕሎይ ይሆናል (ሥራ ላይ ይውላል)። በጎን ይሰካ ስትል እኮ ችግሩን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው መፍትሔ የሰጠኸው!!

ከዲሲ፦ አንድ ማስተካከያ፣ ኢንትል ፈረንጁን ወደኛ አድርጎ ያሳያል እንጂ የኛን ተቀብሎ ወደ ፈረንጅ አይመልስም፣ ክሊኒኩ የሚፈልገው ደሞ መመለሱን ነው። ሰዓቱም እንዳይረሳ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያለውን ቀጠሮ 9 ብሎ ካልያዘው ሌሊት ይሆናል። ለማንኛውም ውስጡ ይግባ ከሚሉት አይደለሁም።

ባክኤንድ_ብቻ፦ @ከዲሲ ልክ ነህ፣ የኢንትሉን አጥርቼ አልተናገርኩም። @አስተማሪዋ እህቴ ነጥብሽ ገብቶኛል፣ ችግሩን የማያውቅ ሰው ፈልጎ አይሰካም። ግን ያንቺ ጥያቄ እኮ የካላንደር ፊቸር አይደለም፣ ቱሉ ሳይጠይቅ ገምቶ መጻፉን ነው የምትቃወሚው። እሱማ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ለታይላንዱም ለሂጅራውም ይጠቅማል።

አስተማሪዋ፦ እሱን ከጻፋችሁ እፈርማለሁ። መቀየሪያው ግን ቀረ ማለት አይደለም።

ጳጉሜ_6፦ እሺ ቀይሬዋለሁ። «ኮዱ ወይም ትእዛዙ ውስጥ ዓ.ም ወይም የኢትዮጵያ ወር ስም ካየ፣ ሒሳብ ከመጻፉ በፊት የትኛው ካላንደር እንደሆነ ይጠይቅ፣ በራሱ መቀነሻ ፈጥሮ አይጻፍ።» ከሥሩ አንድ ቴስት አያይዛለሁ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ገብቶ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካልወጣ ወድቋል። መቀየሪያውን ለብቻው ኤምሲፒ አድርጌ እጀምረዋለሁ፣ ሰዓቱን @ከዲሲ ትይዝልኛለህ?

ከዲሲ፦ እይዛለሁ፣ ቅዳሜ ማታ በናንተ 4 ሰዓት ላይ እንደዋወል።