ከ30 ዓመት በኋላ የመጣ ክፍል ሁለት፦ ሲከስር ጥፋቱ የማን ነው?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬውን መከራከሪያ እኔ ላምጣ። አንድ ፊልም ከወጣ 20፣ 30 ዓመት ካለፈው በኋላ ተከታይ ክፍል ይሰራለታል። ሰው በጉጉት ይጠብቃል። ፊልሙ ይወጣል፣ ይከስራል። ከዚያ መወቃቀስ ነው። አንዱ ወገን «ተመልካቹ የማይሆን ነገር ጠበቀ» ይላል። ተመልካቹ ደግሞ «ትዝታዬን አበላሹብኝ» ይላል። እናንተ ለማን ትፈርዳላችሁ?

ለምን አነሳሁት መሰላችሁ። ባለፈው እሁድ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ነበርኩ። ለ15 ዓመት ልጇ በ2019 የወጣውን ተርሚኔተር ከፈትኩለት። (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተዋናዩ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ብቅ ሲል መቀመጥ አቃተኝ፣ ተነሳሁ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይሄን ሽማግሌ ታውቀዋለህ?» አለኝ።

እንዴት አላውቀው! የ1991ዱን ክፍል ሁለት ያየሁት ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ነው። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። አግዳሚው ላይ ስድስት ሆነን ተጣበናል። አርኖልድ አውራ ጣቱን አሳይቶ ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊታችን የነበረ አንድ ጎረምሳ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያ ሁሉ የተለፋው አንድ ልጅን፣ ጆን ኮነርን፣ ከሞት ለማዳን ነበር። በ2019ኙ ፊልም ግን ጆን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተገድሎ ያልቃል። ፊልሙ 261 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ ከሰረ። እኔ ተመልካቹ ቢቀየም አልፈርድበትም።

ፍላሽ ጫኚው፣ ቡሬ፦
ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና አንድ ነገር ልበልህ። እኔ የምኖረው ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ፊልም እየጫንኩ ነው። አንተም ያን ፊልም ያገኘኸው እንደ እኔ ካለ ሱቅ ወይ ከቴሌግራም ነው። ለሠሪዎቹ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ቪዲዮ ቤት የከፈልከውም ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነው። ትኬት ሳንቆርጥ ስለ ኪሳራ መፍረድ እንችላለን? የቦክስ ኦፊስ (የትኬት ገቢ) ጫና የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ አይደርስም።

የማርቆስ ልጅ፦
ስለ ሳንቲሙ እውነትህን ነው፣ አልክድም። ግን እነሱም ፊልሙን ከ28 ዓመት በኋላ ለማንሳት የደፈሩት ሰው ስላልረሳው ነው። ያ አለመርሳት ማርቆስ አግዳሚ ላይም ነበረ።

የጣና ዳሯ፦
የሂሳብ ሰው ነኝና በቁጥር ልግባ። ብዙ ሰው «ይህን ያህል ሚሊዮን አስገባ» ሲባል ያተረፈ ይመስለዋል። ትኬቱ የተሸጠበት ብር ግን ሁሉም ለስቱዲዮው አይደርስም። በደምሳሳው ግማሹ የሲኒማ ቤቶቹ ነው። ቻይና ውስጥማ ለሆሊውድ የሚደርሰው ሩቡ ያህል ነው። የማስታወቂያ ወጪ ደግሞ ከመስሪያው ውጭ ለብቻው ይታሰባል። ስለዚህ አንድ ፊልም ከመስሪያ ወጪው ሁለት ተኩል እጥፍ ካላስገባ አላተረፈም የሚል የቆየ ስሌት አለ።

አሁን የ2023ቱን ኢንዲያና ጆንስ ውሰዱ። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ከመላው ዓለም 384 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ግማሹን ለሲኒማ ቤቶች ስጡ፣ 192 ይቀራል። ከ300ው 108 ሚሊዮን ጎደለ። ማስታወቂያው ገና አልተነካም።

ቢትልጁስ የሚባለውን ፊልም ደግሞ እዩት። የመጀመሪያው 1988፣ ሁለተኛው 2024። 36 ዓመት! 100 ሚሊዮን ገደማ ወጣበት፣ 450 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። በእኔ ሂሳብ ግማሹ 225 ነው፣ ከመስሪያ ወጪው እጥፍ በላይ። እዚያም ናፍቆት አለ፣ እዚህም ናፍቆት አለ። የተለያየው ጭነቱ ነው። አንድ ኩንታል በምትችል አህያ ላይ ሦስት ኩንታል ጤፍ ጭነው ስትወድቅ ዳገቱን መርገም ምን ይሉታል? ተመልካቹ «300 ሚሊዮን አውጡልኝ» አላለም።

ፍላሽ ጫኚው፣ ቡሬ፦
300 ሚሊዮኑ ግን ምን ላይ አለቀ?

የጣና ዳሯ፦
ዝርዝሩ ብዙ ነው። ኮሮናም ነበረ። አንዱ ግን በዓይን የሚታይ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ሀሪሰን ፎርድ 80 ዓመቱ ነበር። መክፈቻው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ በኮምፒውተር ወጣት አድርገው አሳዩት። ያ ብዙ ሰውና ብዙ ወር የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሞጣ፣ ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ሁላችሁም ኪሳራ ኪሳራ ትላላችሁ። እኔ ገንዘቡን ለብቻው አስቀምጡት ባይ ነኝ። ብሌድ ራነር በ1982 ሲወጣ ሲኒማ ቤት አልቀናውም ነበር። ዛሬ በሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ተከታዩ በ2017 መጣ፣ ከ35 ዓመት በኋላ። እሱም ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት የተጠበቀውን ያህል አላስገባም። ረጅም ነው፣ ሁለት ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ቀስ ይላል። ግን እንደዚያ ያለ ብርሃንና ጥላ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። በካሜራ የቀረጸው ሮጀር ዲኪንስ 13 ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ ሳይወስድ ቀርቶ ነበር። በ14ኛው፣ በዚህ ፊልም፣ ወሰደ። በሦስት ቀን ገቢ «ሞቷል» የተባለ ፊልም ከ30 ዓመት በኋላ በሕይወት ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ምስክር ነው።

የጣና ዳሯ፦
ጋሼ፣ በውበቱ አልከራከርዎትም። ግን የሦስት ቀኑን ነገር ካነሱት አይቀር፣ የእኔም ብሶት እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ፊልሞች የሚፈረድባቸው በዓርብ፣ በቅዳሜና በእሁድ ነው። ወጣት ለሚወደው ፊልም ዓርብ ማታ ይሰለፋል። የ30 ዓመት ትዝታ ያለው ሰው ግን አሁን የ45 እና የ50 ዓመት ሰው ነው። ልጅ አለው፣ ሥራ አለው። «በሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትልቁ አዳራሽ ለሌላ ፊልም ተሰጥቷል። ለሽማግሌ የተሰራን ነገር በጎረምሳ ሰዓት ይለኩታል።

ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ሁለተኛው አቫታር ወጪውን እንዲመልስ ብቻ በታሪክ ብዙ ካስገቡት ፊልሞች ሦስተኛ ወይም አራተኛ መሆን እንዳለበት ተናግሮ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ መጥቶ 2.3 ቢሊዮን ዶላር አስገባና ተሳካለት። ግን አስቡት፣ ላለመክሰር ብቻ ከዓለም ሦስተኛ መሆን! በዚህ ልክ የሚሰራ ሌላ ሰው የለም። አንዱ ስለወጣው ሁሉም ያንኑ ገደል ይሞክረዋል።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። መሰራት የለበትም ባይ ነኝ። ያለቀ ታሪክ አልቋል። የምኖረው ከማንኩሳ ብዙ ሳይርቅ ነው። የበዛብህ አገር ማለት ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። አገር ምድሩ አነበበው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰው ሥራ ፈትቶ ሰማው። እንዲህ የተወደደን ታሪክ መቀጠል ለማንም ያጓጓል። እሳቸው ግን በ1974 ዓ.ም. ወንጀለኛው ዳኛን ይዘው መጡ። በ1980 ዓ.ም. የልም እዣትን። ሌላ ሰው፣ ሌላ ታሪክ። ፍቅር እስከ መቃብር እስከ ዛሬ ንጹሕ ሆኖ የኖረው አንዱ ለዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ጆን ኮነርም በ1991 ዳነ። እዚያው ቢተዉት ምን ነበረበት?

የማርቆስ ልጅ፦
መምህርት፣ ይሄ ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር የ2019ኙን ካየሁ በኋላ እኔም እንደዚያ ተመኝቻለሁ። ግን «በጭራሽ አይሰራ» ስንል ጥሩ የሆኑትንም እንከለክላለን። ጋሼ ከሞጣ የነገሩንን ፊልም አናገኘውም ነበር።

የዋሸራ ተማሪ የነበረ፣ አዴት፦
ፊልም ብዙ አላይም። ልጅነቴ ያለፈው ቅኔ ቤት ነው፣ ደበሎ ለብሼ፣ ቁራሽ ለምኜ። ግን የምትሉትን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ። ቅኔ አይደገምም። ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መልሶ ቢያመጣ ማንም አይቀበለውም። የሌላ ሰውማ ነውር ነው። ለየበዓሉ አዲስ መቆጠር፣ ማለትም መደረስ፣ አለበት። ቤቱ፣ ማለትም የስንኙ ቁጥር፣ ግን አይነካም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት ነው። ዜማውም የታወቀ ነው። አንዱ ተነስቶ «አዲስ ነገር ላምጣ» ብሎ ጉባኤ ቃናውን አምስት ቤት ቢያደርገው ይመለሳል።

ሰሚው ሁለቱንም ይጠብቃል። ቤቱ ቢፈርስ ይቆጣል፣ ቅኔው የተሰማ ቢሆንም ይቆጣል። «ሰሚው ብዙ ጠበቀ» ብሎ ያማረረ መምህር ግን አላጋጠመኝም። ሲያቅተን እኛው ነን ተመልሰን ቅኔ ስንቆጥር የምናድረው። እና ከ30 ዓመት በኋላ ፊልም የሚጠብቀው ሰውም ከዚህ የተለየ የጠየቀ አልመሰለኝም። ቤቱን አትናዱብኝ፣ ቅኔውን አትድገሙብኝ ነው ያለው።

ፍላሽ ጫኚው፣ ቡሬ፦
የኔታ፣ ይህን ለእነዚያ ሰዎች ማን በነገራቸው።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦
የኔታ ያሉት ያምራል። ግን ቅኔ ቆጣሪው የሚያጣው እንቅልፉን ነው። 300 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ሰው አዲስ ቅኔ ለመሞከር አይደፍርም። የታወቀውን ይደግማል፣ ወይም ደንግጦ ቤቱን ያፈርሳል።

የጣና ዳሯ፦
እኔስ ምን አልኩ! ለዚህ ነው ጭነቱ ይቅለል የምለው።

12ኛ ክፍል፣ ባህር ዳር፦
ትልልቆቼ፣ ጣልቃ ስገባ ይቅርታ። እኔ 17 ዓመቴ ነው። ቶፕ ገን ማቭሪክን ያየሁት የ1986ቱን ሳላይ ነው። ምንም አልጎደለብኝም። አውሮፕላኖቹ እውነተኛ ናቸው፣ ተዋንያኑን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ነው የቀረጹት። ፊታቸው ሲጨማደድ ያስታውቃል። ግን የቀረብኝ ነገር ሌላ ነው። ዋናው አብራሪ ማቭሪክ ድሮ ተቀናቃኙ የነበረውን ጓደኛውን ሊጠይቅ ይሄዳል። ጓደኛው ታሟል፣ መናገር ይከብደዋል። አብዛኛውን የሚያወራው ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው። ታሪኩን ሳላውቅ አለቀስኩ። ተዋናዩ ቫል ኪልመር በእውነትም በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ያጣ ሰው እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ የ1986ቱን ፈልጌ አየሁት። እዚያ ጎረምሳ ሆኖ ሲስቅ ሳየው እንደገና አዘንኩ። መምህርት ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክፍል ሁለቱ ባይሰራ እኔ የመጀመሪያውን መቼም አላየውም ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦
እኔ ከጠዋት ጀምሮ ልለው የፈለግኩትን ይሄ ልጅ አለው። አንዱ ፊልም ያለፈውን ዕድሜ በኮምፒውተር ሸፈነው። ሌላው የታመመውን ሰው ከነሕመሙ አቀረበው። እኛ ሠላሳውን ዓመት ኖረነዋል። አንዳንዶቻችን ወላጅ ቀብረናል፣ አንዳንዶቻችን ጸጉራችን ሸብቷል። ፊልሙም ኖሮት እንዲመጣ እንፈልጋለን። ይሄ ብዙ መጠበቅ ነው?

ፍላሽ ጫኚው፣ ቡሬ፦
ፎርድም ከመክፈቻው በኋላ ሸምግሎ ነው የሚታየው፣ አትበድለው። ብቻውን የሚኖር፣ ልጁ የሞተበት ሽማግሌ ነው። ጥሩ ተጫውቷል።

የማርቆስ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ አልካድኩም። ያ ክፍል እኔንም ነክቶኛል። ግን ለእሱ 300 ሚሊዮን አያስፈልግም ነበር።

የጣና ዳሯ፦
ማቭሪክ 170 ሚሊዮን ገደማ ወጥቶበት ወደ 1.5 ቢሊዮን አስገባ። በ2020 ሊወጣ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ለስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ለሚያሳዩት) አልሰጡትም፣ እስከ 2022 ድረስ ይዘውት ቆዩ። ሁለት ዓመት ገንዘብህ ታስሮ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ባለ 300ው ያንን ትዕግስት ያገኝ ነበር? እጠራጠራለሁ።

ሞጣ፣ ጡረተኛ፦
የባህር ዳሩ ልጄ፣ ተባረክ። መምህርትም የተናገረችው ከልቤ አልወጣም። ፍቅር እስከ መቃብርን ማንም እንዳይነካብኝ እፈልጋለሁ። ለፊልሙ ሌላ፣ ለመጽሐፉ ሌላ ፈረድኩ መሰለኝ። ገና አስብበታለሁ።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦
ያስቡበት ጋሼ። እኔ ከቃሌ አልወረድኩም። ማቭሪክን ግን አላየሁትም፣ አየዋለሁ።

ፍላሽ ጫኚው፣ ቡሬ፦
ዛሬ ከሰዓት አንድ አባት ከልጁ ጋር መጥቶ ተርሚኔተር አለ። «የቱን?» አልኩት። ልጁ «አዲሱን» አለ። አባትየው «መጀመሪያ ሁለተኛውን፣ የድሮውን» አለኝ። የድሮውን ብቻ ጫንኩለት። ልጁ እስኪወጡ ድረስ አዲሱን ይጠይቀዋል፣ አባትየው «ይሄን ሳታይ አይሆንም» ይለዋል።

የማርቆስ ልጅ፦
የእህቴ ልጅ ለቅዳሜ ይመጣል። እኔም የ1991ዱን ነው የማሳየው። ከዚያ ስለ ሽማግሌው ድጋሚ እጠይቀዋለሁ፣ ያለኝንም እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።