ቪኤስ2 ወይስ ኤስአይ1? አልማዝ የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ዱባይ ዴይራ ወርቅ ገበያ ለእጮኛዬ የአልማዝ ቀለበት ልገዛ ብዬ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም አንድ ካራት፣ ቀለማቸውም እኩል ደረጃ ነው። የሚለያዩት በጥራት ብቻ ነው፦ አንዱ ቪኤስ2 (ጉድፉ በጣም ጥቂት የሆነ)፣ ሌላው ኤስአይ1 (ከሱ ትንሽ የሚብስ ጉድፍ ያለው)። ዋጋቸው ግን የወር የቤት ኪራዬን ያህል ይራራቃል።

ባነበብኩት መሠረት ደረጃው የሚሰጠው በ10 እጥፍ ማጉያ ታይቶ ነው፤ በጂአይኤ (አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ተቋም) አሠራር ከኤፍኤል (ምንም ጉድፍ የሌለው) እስከ አይ3 (ጉድፉ ጎልቶ የሚታይ) ድረስ 11 ደረጃ አለ። እሺ፣ እሱ ገባኝ። ግን ቀለበቱን የሚያይ ሰው ማጉያ ይዞ አይዞርም አይደል? እኔ በባዶ ዓይን ሁለቱም ላይ ምንም ጉድፍ አላየሁም፣ ለነገሩ በዚያ የሱቅ መብራት እንኳን አልማዝ የጠርሙስ ስባሪም ያብለጨልጫል። ሻጩ ውዱን ውሰድ ብሎ ይወተውተኛል፤ ርካሹን አውጥቼ በፀሐይ ብርሃን ልየው ስለው ፊቱ ጠቆረ።

በጣም ያሳሰበኝ የኤስአይ1ዱ የደረጃ ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ነው። ጉድፉን የሚያሳየው ልክ መሃል ላይ፣ ከላይኛው ጠፍጣፋ ፊት ስር ነው። ጫፍ ላይ ቢሆን የቀለበቱ ጥርስ ይሸፍነው ነበር። እንዲህ ያለውን የገዛችሁ ካላችሁ፣ ውሎ አድሮ በዓይን ይታያል ወይ? ድንጋዩ ወገብ (የዙሪያው ጠርዝ) ላይ በሌዘር የሚጻፈውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩኝ ብልስ ነውር ነው? እስከ ሐሙስ ብቻ ነው የሚያቆዩልኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ።